ልጆቻችንን ስኪ ልንወስዳቸው ነው፤ ቅርብና ርካሽ ቦታ የቱ ነው?

ጥያቄ፦ የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የ11 እና የ7 ዓመት ወንዶች ልጆችና የ4 ዓመት ሴት ልጅ አሉን። ትልቁ «የክፍሌ ልጆች ሁሉ ስኪ ሄደዋል፣ እኔ ብቻ ቀረሁ» እያለ ነጋ ጠባ ይጨቀጭቀኛል። እኔም ባለቤቴም በረዶ ላይ ቆመን አናውቅም። ባለቤቴ «እግር ለመስበር ገንዘብ ከፍሎ መሄድ ምን የሚሉት ነው» ይላል። አቅማችን ውስን ነው። የት እንሂድ? መቼ? ምን እንልበስ? ሆቴል ማደርስ ግድ ነው?

መልስ፦ ሆቴሉን ይተዉት። በማለዳ ተነስታችሁ፣ ስትጫወቱ ውላችሁ፣ ማታ አልጋችሁ ላይ ልትተኙ ትችላላችሁ። እኔ በብርዱ ወራት ቅዳሜና እሑድ ጀማሪዎችን ነው የማስተምረው። ለእናንተ ዓይነት ቤተሰብ የምመርጠው ብራይስ ሪዞርትን ነው። ሸናንዶዋ ሸለቆ አጠገብ፣ ቤሲ በምትባል ትንሽ መንደር ውስጥ ይገኛል። ከ1965 ጀምሮ ያለ ቦታ ነው።

ትንሽ ነው ስል የእውነት ትንሽ ነው። ከጫፉ እስከ ግርጌው ያለው ከፍታ 500 ጫማ፣ ማለትም 150 ሜትር ገደማ ነው። የመንሸራተቻ መስመሮቹ ስምንት ናቸው። ኮሎራዶ ያለው ትልቁ የስኪ ቦታ ቬይል 3,450 ጫማ ቁልቁለት አለው። የብራይስ ጫፍ ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ጫማ ነው። ስታዲየም ጋ ታክሲ የሚጠብቅ የአዲስ አበባ ሰው ከዚህ «ተራራ» ጫፍ ከአራት እጥፍ በላይ ከፍ ብሎ ነው የቆመው።

ስኪ የሚያውቁ የሥራ ባልደረቦችዎ ስሙን ሲሰሙ ፈገግ ይሉ ይሆናል። ይበሉ። ጀማሪ የመጀመሪያ ቀኑን የሚያሳልፈው ዝቅ ያለች ጠባብ ዳገት ላይ ነው። ቬይል ብትሄዱም የምትውሉት ያው እንደዚህችው ዓይነት ዳገት ላይ ነው፤ ልዩነቱ እግራችሁ ለማይረግጠው ተራራ መክፈላችሁ ነው። ትንሽ ቦታ ሌላም ጥቅም አለው። የብራይስ መስመሮች ሁሉ ታች መጥተው አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ትልቁ ልጅዎ በወንበር ሊፍት (በገመድ ተንጠልጥሎ ሰው ሽቅብ በሚያወጣው ወንበር) ወጥቶ ሲወርድ እርስዎ ከሎጁ፣ ማለትም ከማረፊያ ቤቱ፣ ፊት ለፊት ቆመው ያዩታል። ትልልቅ ተራራ ላይ አንድ መታጠፊያ የሳተ ልጅ በሌላ ጎን ወርዶ ሌላ ሎጅ ጋ ሊገኝ ይችላል። ያን ጊዜ የወላጅን ፊት ማየት ነው።

ሌሎቹንም ልንገርዎ። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ፍሬደሪክ ለሚኖር ሰው በ15 ቁጥር መንገድ ወደ ፔንሲልቬንያ ወጣ ብሎ ያለው ሊበርቲ የሚባለው የስኪ ቦታ ይቀርበዋል። እሱንና እዚያው ፔንሲልቬንያ ያሉትን ዋይትቴይልንና ራውንድቶፕን ከ2019 ጀምሮ የያዛቸው ቬይል ሪዞርትስ የሚባለው ኩባንያ ነው። ሊበርቲ ለጀማሪ ጥሩ ቦታ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን የዋሽንግተንና የባልቲሞር ሰው ሁሉ ተጠራርቶ የመጣ ነው የሚመስለው። ቨርጂኒያ ያለው ማሳነተን ከብራይስ ከፍ ይላል፤ ልጆቹ ከለመዱ በኋላ ሂዱበት። ሜሪላንድ ያለው ዊስፕ ለደርሶ መልስ ይርቃችኋል።

መንገዱ ቀላል ነው። በ66 ቁጥር መንገድ ወደ ምዕራብ እስከ መጨረሻው ትነዳላችሁ። ከዚያ 81ን ወደ ደቡብ ይዛችሁ፣ ማውንት ጃክሰን መውጫ 273 ላይ ወጥታችሁ፣ 263 ቁጥርን ትይዛላችሁ። በጠቅላላው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። የመጨረሻው ክፍል ጠመዝማዛ ስለሆነ መኪና የሚያዞረው ልጅ ካለ ፊት ለፊት የሚታይበት ቦታ ይቀመጥ። በ66 ላይ ኤክስፕረስ በሚባለው የክፍያ መስመር ለመሄድ ፍሌክስ የሚባለው ኢዚ ፓስ (መኪና ውስጥ የሚቀመጥ የመንገድ ክፍያ መሣሪያ) ካላችሁ ማብሪያውን ወደ ኤችኦቪ (ብዙ ሰው የያዘ መኪና ማለት ነው) አዙሩት። ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው ላለበት መኪና ክፍያ የለውም፤ ልጅም እንደ ሰው ይቆጠራል። ይህን የማያውቅ ስንት ቤተሰብ አለ መሰለዎት።

አሁን ወደ ቀኑ እንምጣ። ከዋጋውም ከደስታውም አብዛኛውን የሚወስነው እሱ ነው።

ቨርጂኒያ ውስጥ ስኪ የሚካሄደው በአብዛኛው በማሽን በተሠራ በረዶ ነው። ማሽኑ ውሃን አድቅቆ ወደ ቀዝቃዛ አየር ይረጫል። ለዚህ ደግሞ ሙቀቱ በሴልሺየስ ከዜሮ በታች ሁለት ሦስት ዲግሪ መውረድ አለበት። አየሩ ደረቅ ከሆነ ትንሽ ከፍ ቢልም ይሠራል። ስለዚህ አሌክሳንድሪያ ደጃችሁ ላይ በረዶ አለመኖሩ ተራራው ላይ የለም ማለት አይደለም። በተቃራኒው ከተማው ላይ ጠዋት በረዶ ስለጣለ ብላችሁ አትነሱ፤ ያን ቀን መንገዱ ላይ ነው የምትውሉት። ወቅቱ እንደ ብርዱ ሁኔታ ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ማርች መጀመሪያ አካባቢ ነው። ዲሴምበር ላይ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ግማሹ ብቻ ነው። ማርች ላይ በረዶው ከሰዓት በኋላ ጭቃ ይሆናል። እኔን ካሉኝ ከጃንዋሪ ሁለተኛ ሳምንት እስከ ፌብሩዋሪ አጋማሽ ያለውን ይያዙ።

ውድ የሚሆኑት ቀኖች ሦስት ናቸው፦ ከፈረንጅ ገና እስከ አዲስ ዓመት ያለው ሳምንት፣ የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ያለበት ቅዳሜና እሑድ፣ የፕሬዚዳንቶች ቀን ያለበት ቅዳሜና እሑድ። እዚህ ላይ የእኛ ካላንደር ያግዘናል። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ላይ ሲውል የፈረንጆቹ እረፍት አልቋል፣ ሰው ወደ ሥራው ተመልሷል፣ ተራራው ባዶ ነው። ጥምቀት ግን ብዙውን ጊዜ ከማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ጋር እዚያው ሳምንት ውስጥ ይገናኛል። ያን ጊዜ ታቦቱን አጅቡ፤ ስኪውን ለሌላ ቀን ተዉት።

ከሁሉ የሚሻለው ትምህርት ቤት ተማሪ የማይገባበት፣ መምህራን ብቻ የሚሠሩበት የሥራ ቀን ነው። የትምህርት ቤታችሁን ካላንደር ያውጡና ይፈልጉ። ጃንዋሪ መጨረሻ አካባቢ አንድ አይጠፋም። ቲኬቱ ይረክሳል፣ ሰልፉ ያጥራል፣ አስተማሪው ለልጅዎ ጊዜ ይኖረዋል። ትንንሽ ቦታዎች ሳምንቱን ሙሉ ላይከፍቱ ስለሚችሉ የሚከፈቱበትን ቀንና ሰዓት አስቀድመው ድረ ገጹ ላይ ይዩ።

ገንዘቡን በተመለከተ እኔ የማምነው አንድ ነገር ነው። ለትምህርት ይክፈሉ፤ በሌላው ይቆጥቡ።

አብዛኛው ቦታ ለጀማሪ የተዘጋጀ ጥቅል አለው። የዝቅተኛው ሊፍት ቲኬት፣ የስኪና የቡት ኪራይ፣ የቡድን ትምህርት አንድ ላይ ይሸጣል። ለየብቻ ከመግዛት ብዙ ይረክሳል። የሙሉ ተራራ ቲኬት ለጀማሪ አይግዙ፤ አትጠቀሙበትም። ሁሉንም ነገር ቀደም ብለው በኢንተርኔት ይግዙ። እዚያው በር ላይ የሚገዛ ሰው ነው ሁልጊዜ ብዙ የሚከፍለው። በአሜሪካ ጃንዋሪ የጀማሪዎች ወር ተብሎ ስለሚታሰብ በዚያ ወር ቅናሽ አይጠፋም። ሌላም አለ። ፔንሲልቬንያ ውስጥ የ4ኛና የ5ኛ ክፍል ተማሪዎችን፣ አብሯቸው የሚከፍል አዋቂ ካለ፣ በጣም በርካሽ የሚያስገባ ፕሮግራም አለ። ትልቁ ልጅዎ 5ኛ ክፍል ከሆነ ሳያልፈው ይጠይቁ።

ልብስ እንዳይገዙ። ልጅ በዓመቱ ይጠበዋል፣ ገንዘቡም ውሃ ይበላዋል። ሰልባጅ ቤቶች፣ ጉድዊልን ጨምሮ፣ ከሴፕቴምበር ጀምሮ የስኪ ሱሪ ያወጣሉ። ከጎረቤትም ይዋሱ፤ አሜሪካኖች ጋራዥ ውስጥ ያለ ሥራ ያስቀመጡትን ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል። ሁለት ነገር ብቻ በገንዘብዎ ይግዙ። አንደኛው ውሃ የማያስገባ ጓንት ነው። የሹራብ ጓንት በግማሽ ሰዓት ይረጥባል፤ እጁ የቀዘቀዘ ልጅ ደግሞ የዚያን ቀን ስኪ አበቃ ማለት ነው። ከተቻለ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ጥንድ ያዙ። ሁለተኛው ረዥም ስስ የሱፍ ካልሲ ነው።

ካልሲው ላይ ትንሽ ልቆይ። የእኛ እናቶች ልጅ እንዳይበርደው ሁለት ሦስት ካልሲ ይደራርቡለታል። በስኪ ቡት ይህ አይሠራም። ካልሲው ውስጥ ይታጠፋል፣ ደም እንዳይዘዋወር ያጣብቃል፣ እግሩ ይበልጥ ይበርደዋል፣ ከዚያ ልጁ ያለቅሳል። አንድ ካልሲ፣ እሱም ስስ። ከስር የሚለበሰው ሱሪ ጫፍ ቡቱ ውስጥ አይግባ። ቡቱ ጠበቅ ሊል ይገባል። ጉልበቱን ወደ ፊት ሲያጥፍ ቅልጥሙ የቡቱን ምላስ መንካት አለበት። «ይመቻል?» ብለው አይጠይቁት፤ የስኪ ቡት ለማንም አይመችም። «የሚያም ቦታ አለ?» ነው ጥያቄው።

ጥጥ አይልበሱ። ጂንስ ሱሪና የጥጥ ቲሸርት ከረጠቡ አይደርቁም። ከስር ሱፍ ወይም የስፖርት ልብስ፣ መሃል ሹራብ፣ ከላይ ውሃና ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ይበቃል። ረዥም ሻርፕ አይሁን፤ ሊፍት ላይ ሊያዝ ይችላል። አንገትን የሚሸፍን ጠባብ ጨርቅ ይሻላል። ጋቢ ይዘው ቢሄዱ ግን አልቃወምም። ሎጁ ውስጥ ትንሿን ጠቅልለው ሲያስተኙ ያመሰግኑኛል።

ስለ ሴት ልጅዎ ፀጉር አስቀድመው ያስቡ። ሄልሜት ከግንባር እስከ ማጅራት ልክክ ብሎ መግባት አለበት። ጥብቅ ብሎ የተሠራ ሹሩባ ምንም ችግር የለውም። አናት ላይ የታሰረ ፀጉር ግን ሄልሜቱን ያነሳዋል፤ የተነሳ ሄልሜት ደግሞ አይጠብቅም። ዝቅ አድርጋችሁ ማጅራት ላይ እሰሩት። ደመና የሌለበት ቀን ከሆነ የፀሐይ ክሬም ለሁላችሁም። ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚል ሰው በረዶ የመለሰውን ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ፊቱ ላይ ተቀብሎ አያውቅም።

ኪራይ ቤቱ ውስጥ ቅጽ ይሰጧችኋል። ክብደት፣ ቁመትና ዕድሜ ይጠየቃል። እዚህ ላይ ማንም እንዳይዋሽ። ቡቱን ከስኪው ጋር የሚያያዘው መቆለፊያ ስትወድቁ ራሱን ለቆ እግር እንዳይጠመዘዝ ያደርጋል። የሚለቀው ምን ያህል ኃይል ሲያርፍበት እንደሆነ የሚስተካከለው በዚያ ቁጥር ነው። ክብደትዎን አሳንሰው ቢጽፉ ያለ ቦታው እየለቀቀ ይጥልዎታል። አብልጠው ቢጽፉ ደግሞ መልቀቅ ሲገባው አይለቅም፣ ጉልበት ይጎዳል። አንዳንድ ሴቶች ባል አጠገብ ቆሞ ሲያይ ቁጥሩን ይቀንሳሉ። ሰውየውን ሄልሜት እንዲያመጣ ይላኩት።

አሁን ባለቤትዎ ወደ ፈሩት ነገር። ስኪ ላይ ሰው ይጎዳል፤ አይጎዳም ብዬ አላታልላችሁም። በብዛት የሚጎዳው ጉልበት ነው። የስኪ ዱላውን እንደያዘ የሚወድቅ ሰው አውራ ጣቱን ሊጎዳ ይችላል። ስኖውቦርድ (ሁለት እግር አንድ ሰፊ ጣውላ ላይ ታስሮ የሚንሸራተቱበት) ላይ ደግሞ ጀማሪ በእጁ ተደግፎ ስለሚወድቅ አንጓው ነው የሚጎዳው። በእኔ አስተያየት የጀማሪ ትልቁ ጠላት ከአቅሙ በላይ ወደሆነ መስመር የሚወስደው ጓደኛ ነው። «ና እኔ አስተምርሃለሁ» ይለዋል፣ አናት ላይ ያወጣዋል፣ ከዚያ ጥሎት ይወርዳል።

ልጆቻችሁን ራሳችሁ ለማስተማር እንዳትሞክሩ የምለውም ለዚሁ ነው። እናንተ ስለማታውቁበት ይህ ላያሰጋ ይችላል። ግን «ዩቲዩብ አይቻለሁ» የሚል አጎት አብሯችሁ ከመጣ ተጠንቀቁ። የቡድን ትምህርት ላይ ልጁ የሚማረው በመጀመሪያ መውደቅና መነሳት፣ ቀጥሎ መቆም ነው። የስኪዎቹን ጫፍ ፊት ለፊት አቀራርቦ ኋላውን ሲከፍት ፍጥነቱ ይቀንሳል። ልጆች ይህን «ፒዛ» ይሉታል። ስኪው ጎን ለጎን ሲሆን ደግሞ «ፍሬንች ፍራይስ» ነው። ፒዛ ሳያውቅ ሊፍት ላይ የሚወጣ ልጅ ማቆሚያ የለውም። መጀመሪያ የሚወጡት መሬት ላይ በተዘረጋ ተንቀሳቃሽ ምንጣፍ ነው፤ ቆመውበት ይወስዳቸዋል። አስተማሪው «ደርሷል» ሳይል የወንበር ሊፍት አይሳፈር። የሚሳፈር ቀን ከጀርባው ተጠግቶ ይቀመጥ፣ መከላከያው ብረት ይውረድ። ለሊፍቱ ሠራተኛ «የመጀመሪያ ጊዜው ነው» ብትሉት ያዘገይላችኋል። ማፈር የለም።

መስመሮቹ ምልክት አላቸው። አረንጓዴ ክብ ቀላል ነው፣ ሰማያዊ አራት ማዕዘን መካከለኛ፣ ጥቁር ዳይመንድ ከባድ። የመጀመሪያ ቀን አረንጓዴ ብቻ። ሁሉም ሊያውቀው የሚገባ አንድ ሕግ ደግሞ አለ፦ ቅድሚያ ከእናንተ በታች ላለው ሰው ነው። እሱ ኋላውን አያይም። መሸሽ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

ባለቤትዎንም ከልጆቹ ጋር ያስመዝግቧቸው። ቡና ይዘው ዳር የቆሙ አባቶች ሲፈሩና ሲጨነቁ ይውላሉ፤ የሚማሩት ደግሞ ለመፍራት ጊዜ የላቸውም። «ይህ የእኛ ነገር አይደለም» ካሉ ሮቤል ተክለማርያምን ይንገሯቸው። አዲስ አበባ የተወለደ ሰው ነው። በ2006 ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ የዊንተር ኦሎምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፤ በ2010 ቫንኩቨር ላይም ተመልሷል። እሱ የተወዳደረው በአገር አቋራጭ ስኪ ነበር፣ ለጥ ባለ ሜዳና በዳገት የሚኬድበት። የሩጫ አገር ሰው ደግሞ እሱን ቢመርጥ አይገርምም።

የ4 ዓመቷን ለብቻዋ አስቡባት። ብዙ ቦታዎች ከ4 ዓመት ጀምሮ ልጅ ይቀበላሉ፤ አንዳንዱ ከዚያም ዝቅ ይላል። ዕድሜዋ ቢፈቅድም ግን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ከእርስዎ ተለይታ ከማያውቁት ሰው ጋር ትቆያለች? ሽንት ቤት መሄድ ስትፈልግ ትናገራለች? አንዱ «አይ» ከሆነ ዘንድሮ ይቅርባት። ሎጁ አጠገብ በረዶ ላይ ብትጫወት ይበቃታል። በጎማ መንሸራተት፣ ማለትም ቱቢንግ፣ ምንም ችሎታ አይፈልግም። በሰዓት ስለሚሸጥ ዋጋውም ይቀላል። የቁመት ገደብ ግን ስላለው ቤት ሳሉ ለክተዋት ይሂዱ። በር ላይ መልሰዋት ወንድሞቿ ሲገቡ የሚሰማው ለቅሶ ቀላል አይደለም።

ምግብ ይዛችሁ ሂዱ። ሎጅ ውስጥ የሚሸጠው በርገር፣ ቺሊ፣ ወተት ያለበት ቸኮሌት ነው። ዋጋውም ለአምስት ሰው ሲባዛ ያስደነግጣል። ከገና በፊት የነቢያት ጾም ላይ፣ ወይም ፌብሩዋሪ ላይ ዐቢይ ጾም ገብቶ ከሆነ፣ ከድንች ጥብስ ሌላ የሚበላ ላታገኙ ትችላላችሁ። ትኩስ ሽሮ በቴርሞስ፣ ፍርፍር በሣህን፣ ሻይ። ከውጭ የመጣ ምግብ ሎጁ ውስጥ መብላት ይፈቀድ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ካልተፈቀደ መኪና ውስጥ ብሉ። ልጆቹን ግን ገና ሳይርባቸው አብሉ፤ ብርድ ላይ የተራበ ልጅ ከማንም ጋር አይስማማም።

ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት አካባቢ፣ በአሜሪካ ሰዓት ነው የምለው፣ ሁሉም ይደክማል። እግር ይዝላል፣ በረዶው ይለሰልሳል፣ ሰው የሚወድቀውም ያን ጊዜ ነው። ትልቁ «አንዴ ብቻ ልውረድ» ይላል። እምቢ ይበሉት። ደረቅ ካልሲና ጫማ መኪና ውስጥ ያስቀምጡ፣ እርጥቡን የሚይዝ ትልቅ ፌስታልም እንዲሁ። አደጋ ከደረሰ ቀይ ጃኬት የለበሱት የስኪ ፓትሮል ሰዎች ተራራው ላይ ይደርሱላችኋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው አምቡላንስ ግን የራሱ ሂሳብ አለው፤ ኢንሹራንሳችሁ ምን እንደሚከፍል አስቀድማችሁ እዩት።

ቲኬቱን ከመግዛትዎ በፊት ደግሞ ገንዘብ ይመለሳል ወይስ አይመለስም የሚለውን ያንብቡ። ብዙ ጊዜ አይመለስም፤ ቀን መለወጥ ግን የሚፈቅዱ አሉ። ቨርጂኒያ ውስጥ በጃንዋሪም ይዘንባል። ከመሄዳችሁ ሦስት ቀን በፊት ትንበያውን ተመልከቱ፤ ዝናብ ከሆነ ቀኑን አዛውሩ። ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊትም የሪዞርቱን የበረዶ ዘገባ አንብቡ። የጀማሪው መስመር ተዘግቶ ከሆነ ሌላው ሁሉ ቢከፈት ለእናንተ አይጠቅምምና አትሂዱ።